ቁልፉ ማን እጅ ነው? በአጥቢያችሁ የምሕረት አገልግሎት ለመጀመር

ከዓመታት በፊት በአንድ የበዓል ዋዜማ ካሜራ ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ግቢው ውስጥ ባነር ተሰቅሏል፣ ባለ አምስት ሊትር ዘይትና የዱቄት ከረጢት ተደርድሯል፣ ወደ ሃያ የሚሆኑ እናቶች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። አንዲት እናት ተራቸው ሲደርስ ዘይቱን በአንድ እጃቸው ተቀበሉ፣ በሌላው እጃቸው ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ «እማማ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» አልኳቸው። ቀና አሉ። ፎቶውን አነሳሁ።

የዚያን ቀን ስብከት ስለ ጸጋ ነበር። መዳን በነጻ ነው ብለን አውጀን ስናበቃ፣ ለአንድ ጀሪካን ዘይት ግን እኚህን እናት በፊታቸው አስከፈልናቸው። ይህ የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ስመለከት ነው። ከዚያ በኋላ ቡድናችን ሥራውን ከስሩ እንደገና ጀመረ። አሁን የምጽፈው ያኔ ባወቅነው ኖሮ ያልኩትን ሁሉ ነው። በአጥቢያችሁ ችግረኛን የመርዳት አገልግሎት ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ወይም ኖሯችሁ መላው ከጠፋባችሁ፣ ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደምትሰጡ ተስማሙ

ብዙ ቡድን ገንዘብ በማሰባሰብ ይጀምራል። እኔ ግን ሦስት ምሽት ከሽማግሌዎቹና ከአገልጋዮቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቃሉን አጥኑ እላለሁ። ለምን እንደምትሰጡ ካልተስማማችሁ፣ እንዴት እንደምትሰጡ ስትከራከሩ ዓመት ያልቃል።

የመጀመሪያውን ምሽት ኤፌሶን 2 ላይ ቆዩ። ቁጥር 8ንና 9ን በቃላችን እናውቃቸዋለን፤ በጸጋ ነው፣ በእምነት ነው፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም። ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ እናቆማለን። ቁጥር 10 ግን ወዲያው ተከትሎ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይናገራል፣ ያውም እግዚአብሔር አስቀድሞ ላዘጋጀው ሥራ። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ልጅ ለመባል ብሎ ዕቃ አያጥብም። ልጅ ስለሆነ ያጥባል።

የአውሮፓው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ታሪክ እዚህ ላይ በጣም ይረዳችኋል (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ምጽዋት ለሰጪው ነፍስ ይጠቅማል ተብሎ ይታመን ነበር። በር ላይ የተቀመጠው ድሃ ለሀብታሙ የጽድቅ አጋጣሚ ነበር። መዳን በእምነት ብቻ ነው የሚለው ትምህርት ሲመጣ፣ ብዙ ሰው «ታዲያ ለምን እሰጣለሁ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። ማርቲን ሉተር በ1520 ስለ ክርስቲያን ነጻነት ሲጽፍ መልሱን አስቀመጠ፤ ክርስቲያን በእምነት ከሁሉ ነጻ ነው፣ በፍቅር ደግሞ የሁሉ አገልጋይ ነው። በእኛ ሥራ እግዚአብሔር ላይ የሚጨመር ነገር የለም። የጎረቤታችን ጓዳ ግን ባዶ ነው።

ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ ተከተሉት። በመስጠቴ ጽድቅ የማልገዛ ከሆነ፣ በረከትም የማልገዛ ከሆነ፣ ስምም የማልገዛ ከሆነ፣ እጄ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል፤ ይህ የምሰጠው ነገር ሰውዬውን በእውነት ይጠቅመዋል ወይ? ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ፣ የደብተሩም የቁልፉም የጉብኝቱም ነገር፣ ከዚህ ጥያቄ የመጣ ነው።

ለዚህም ነው «ዘር ዝራ፣ ጌታ እጥፍ ይመልስልሃል» እያሉ ለድሃ ማሰባሰብን አጥብቄ የምቃወመው። ሉተር የተነሣበትን ያንኑ ንግድ በአዲስ ልብስ መልሶ ማምጣት ነው። ምስኪኑን ሰው የእኛ ብልጽግና መሰላል ያደርገዋል። ሳጥኑን ይዛችሁ ስትቆሙ በቀጥታ ተናገሩ፤ «እገሌ ሰፈር የቤት ኪራይ ያቃታቸው ሦስት ቤተሰቦች አሉ፣ ለእነሱ ነው» በሉ። ይበቃል።

ሁለተኛው ምሽት የያዕቆብ ነው። ሉተር በ1522 የያዕቆብን መልእክት «የገለባ መልእክት» ብሎ እንደነበር ታውቁ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ከሉተር ጋር አልስማማም። ያዕቆብ 2፥15-16ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የተራበችን እኅት በደኅና ሂጂ፣ ሙቂ፣ ጥገቢ ብሎ የሚሸኝ ሰው አለ። ይህ ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም። ያለው ምርቃት ነው! እኛም «እንጸልይልሻለን» ብለን ስንሸኝ የምንለው ይኸው ነው። ያዕቆብ እምነትን አልተቃወመም፣ እጅ የሌለውን እምነት ነው የተቃወመው። ጳውሎስም ገላትያ 5፥6 ላይ በፍቅር የሚሠራ እምነት ሲል ከእሱ ጋር ነው። በ1563 የወጣው የሃይደልበርግ ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የተሐድሶው የእምነት ትምህርት) ትምህርቱን በሦስት ይከፍላል፤ ስለ ጉስቁልናችን፣ ስለ መዳናችን፣ ስለ ምስጋናችን። መልካም ሥራን የት እንዳስቀመጠው ተመልከቱ፤ ሦስተኛው ላይ፣ ከምስጋና ጋር።

አንድ ሰው ተነስቶ «የቤተ ክርስቲያን ሥራ ወንጌል ነው፣ ዳቦ የመንግሥት ነው» ማለቱ አይቀርም። የኛኑ አገር ታሪክ ንገሩት። በ1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የውጭ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ በቀላሉ ይሰጡ ነበር፣ ለወንጌል ሥራና ለአጥቢያ አገልግሎት ሲጠየቁ ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት አትክፈሉት አለ። ሥጋና ነፍስ ያለውን ሙሉ ሰው ነው የምናገለግለው አለ። ዛሬ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የምንለው ቃል እዚህ አገር ሥር አለው ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1974 በስዊዘርላንድ ሎዛን ላይ የተሰበሰቡ ወንጌላውያን ወንጌል መስበክም ማኅበራዊ ኃላፊነትም ሁለቱም የክርስቲያን ግዴታ መሆናቸውን በቃል ኪዳናቸው አስፍረዋል። ጉዲና በ1979 በደርግ ዘመን ተገደሉ። ያመኑበትን ነገር በሕይወታቸው ከፍለውበታል፣ እኛ በቅዳሜ ከሰዓታችን ብንከፍልበት አይበዛም።

ሦስተኛውን ምሽት ለሐዋርያት ሥራ 6 እና ለ2ኛ ቆሮንቶስ 8 አቆዩት፤ አሁን ወደ እነሱ እየሄድን ነው።

ሰዎቹን ስትመርጡ

በሐዋርያት ሥራ 6 ቅሬታው ከየት እንደመጣ አስተውሉ። ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ይዘለሉ ነበር። ሐዋርያቱ ሰባት ሰው ይመረጥ አሉ፣ የተመረጡትም ስማቸው በሙሉ የግሪክ ስም ነው። የተዘለለው ወገን ራሱ እደላውን ያዘ! እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ እገረማለሁ። እኛ ብንሆን ኖሮ ሁለት ሦስት ሰው «ከነሱም ይግባ» ብለን እንጨምር ነበር።

ስለዚህ ቡድናችሁ ውስጥ ባለ ደመወዝና ባለ መኪና ብቻ እንዳይሞላ። የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው አስገቡ። ልብስ አጥባ ልጆች ያሳደገች እናት አስገቡ። ከዚህ በፊት ራሱ እርዳታ የተቀበለ ሰው ካለ ደግሞ እሱን ለምናችሁ አስገቡ፣ ምክንያቱም በር ላይ መቆም ምን እንደሚመስል የሚያውቀው እሱ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። በየቤቱ ስትገቡ ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ሥራውንም ክፈሉት። የተሐድሶው መሪ ካልቪን በጄኔቫ በ1541 በወጣው የቤተ ክርስቲያን ደንብ ዲያቆናትን ለሁለት ከፍሏቸዋል፤ አንዱ ወገን ገንዘቡንና ንብረቱን ይጠብቃል፣ ሌላው ወገን ድሆችንና ሕሙማንን ይንከባከባል። ይህን ቅዱት። ገንዘብ የሚይዘው ሰው ጉብኝት አይሂድ፣ የሚጎበኘው ሰው ገንዘብ አይያዝ። ጎብኚው ችግር አይቶ አዝኖ ኪሱ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አውጥቶ ቢሰጥ ልቡ መልካም ነው። ነገ ግን ጎረቤቲቱ «ለእኔስ?» ስትል መልስ አይኖረውም።

ገንዘቡን በአራት ቁልፍ ቆልፉት

በ1523 ላይስኒግ የምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ የድሆች የጋራ ሣጥን አቋቋመች። ሉተር ራሱ ለደንቡ መግቢያ ጽፎላቸዋል። ሣጥኑ አራት የተለያዩ ቁልፎች ነበሩት። አንዱ በመኳንንቱ እጅ፣ አንዱ በከተማው ምክር ቤት፣ አንዱ በከተማው ነዋሪ፣ አንዱ በገጠሩ ገበሬ። አራቱ ካልተገኙ ሣጥኑ አይከፈትም። አሥር ኃላፊዎች በየዓመቱ ይመረጣሉ፣ በየእሑዱ ይሰበሰባሉ፣ መዝገብ ይይዛሉ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ለሕዝቡ ሁሉ ሒሳብ ያቀርባሉ። አምስት መቶ ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ብዙ አጥቢያ ከዚህ ያነሰ ሥርዓት ነው ያለው።

በእኛ ሁኔታ ይህ ማለት በአጥቢያው ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና ቢያንስ ሦስት ፈራሚ ማለት ነው። በመሪው ስልክ በቴሌብር የሚገባ ገንዘብ፣ በመጋቢው የግል ሒሳብ «ለጊዜው» የሚቀመጥ ገንዘብ፣ እነዚህን ከመጀመሪያው ቀን አትፍቀዱ። ሰውየው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ጳውሎስ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 ላይ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያጓጉዝ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ ሌሎችን አስከትሏል፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት። ጳውሎስ ከተጠነቀቀ እኛም እንጠንቀቅ።

ሦስት ደብተር ግዙ። አንዱ ገቢ፣ አንዱ ወጪ፣ ሦስተኛው የጉብኝት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ለማንም አባል ክፍት ናቸው። ሦስተኛው የሰው ጓዳ የተጻፈበት ስለሆነ ይቆለፍበታል። ወጪ ደብተሩ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ይጻፋል። «ቤት 4፣ የመድኃኒት» ከተባለ ይበቃል። ለጉባኤ ሪፖርት ስታቀርቡ ብሩ በሳንቲም ይነገር፣ ስም ግን በጭራሽ አይነሣ። «ስሟን አልጠራም፣ ግን ያቺ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው...» ማለትም ስም መጥራት ነው።

ስለ መጠን ብዙ አትጨነቁ። በጀርመን በሃሌ ከተማ መጋቢ አውጉስት ሄርማን ፍራንከ በ1695 ቤቱ ውስጥ ባስቀመጠው የምጽዋት ሣጥን አራት ታለርና አሥራ ስድስት ግሮሽን (የዚያ ዘመን የጀርመን ገንዘብ) አገኘ፣ በዚያው ለድሃ ልጆች ትምህርት ጀመረ። በ1727 ሲሞት በትምህርት ቤቶቹ ከ2,000 በላይ ልጆች ይማሩ ነበር። እናንተ ስልሳ አባል ኖሯችሁ እያንዳንዱ በወር 50 ብር ቢያወጣ 3,000 ብር ነው። በዚህ ሃያ ቤት ለመርዳት ብትሞክሩ ለእያንዳንዱ 150 ብር ይደርሰዋል፣ ማንንም ከምንም አያወጣም። ሁለት ወይ ሦስት ቤት ምረጡና በደንብ ያዙ። የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ ለዚህ ብቻ የሚሆን መባ ማሰባሰብ መልካም ልማድ ነው። ከማዕዱ ተነስተን በቀጥታ የጎረቤትን ማዕድ እናስባለን።

ጉብኝቱ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ከዚያ በፊት ደውሉ ወይም መልእክት ላኩ። ድንገት በር የሚያንኳኳ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሰውን ያስደነግጣል፣ ቤቱም ሳይጠረግ ስለሚያገኘው ያሳፍራል። ባነር፣ መታወቂያ፣ ቲሸርት፣ ምንም አታድርጉ። ቡና ከተፈላ ጠጡ። «አይ፣ አትቸገሩ» አትበሉ። ቡናው የዚያ ቤት ባለቤትነት ነው፣ እኚህ እናት የሚሰጡት ነገር አላቸው፣ እናንተም እንግዳ ናችሁ። አንድ ሲኒ ባለመጠጣት ስንት ሰው እንዳሸማቀቅን እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ፎርም በፊታቸው አትሙሉ። ተጫወቱ። ከወጣችሁ በኋላ መንገድ ላይ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። የሌላቸውን ብቻ አትጠይቁ፣ ያላቸውንም ጠይቁ። ምን መሥራት ያውቃሉ? ዘመድ የት አለ? ከጎረቤት ማን ይጠይቃቸዋል? እድር አላቸው? የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ አላቸው? በሴፍቲኔት ተመዝግበዋል? በእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ ሳትጠብቁት ይወጣል።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ወሰድን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ከረጢቱ እንደተሰፋ ጥግ ላይ አለ። ማገዶ መግዣ አልነበራቸውም። ዳቦ ከሱቅ አንድ አንድ እየገዙ ነበር የሚበሉት። ዱቄቱን እኛ ፈልገነው ነው እንጂ እሳቸው አልጠየቁም። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ አባት ዘንድ ሄደን ምን እንደሚያስፈልጋቸው ስንጠይቅ ረጅም ሰዓት ዝም ብለው ቆዩና፣ ለእድር የአስራ አንድ ወር ውዝፍ እንዳለባቸው ነገሩን። ምግብ አላነሱም። የሚያስጨንቃቸው ሲሞቱ ሬሳቸውን የሚያነሳ ሰው እንዳያጡ ነበር። ያንን ከፈልን። ከጤፍ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፣ እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀብር መሄድ ጀመሩ። ከሰው ተቀላቀሉ። እነዚህን ሁለቱን ከማንም መጽሐፍ አላገኛቸውም ነበር።

የጤና መድን ዓመታዊ መዋጮም እንዲሁ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የዚያን ዓመት መዋጮ መክፈል ከብዙ ጀሪካን ዘይት ይበልጣል። ጭራሽ መክፈል ለማይችሉ ደግሞ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፣ ከወረዳው ጋር ተነጋግራችሁ ማስመዝገብ እናንተ ልትሮጡበት የምትችሉት ነገር ነው። ወረፋ መጠበቅ፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ ማንበብ ከማይችል ሰው ጋር ቢሮ መሄድ፣ ይህም ምሕረት ነው። ገንዘብ አይፈልግም፣ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

አሰጣጡ

ሰልፍ የለም። ፎቶ የለም። ማቴዎስ 6፥3 ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይላል፣ ፌስቡክ ይወቅ አይልም። ለጋሽ ማስረጃ ከፈለገ ደረሰኝ ስጡት። ባለ ደረሰኝ ሪፖርት ከፎቶ ይልቅ የታመነ ነው፣ በፎቶ ውስጥ ዋጋ አይታይም።

የቤት ኪራይ ስትከፍሉ በቀጥታ ለአከራዩ አትክፈሉ። አከራዩ ተከራዩን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል። ገንዘቡን ለሰውየው ስጡ፣ በእጁ ይክፈል፣ ወረቀቱን ያሳያችሁ። ያጭበረብራል ብላችሁ ብትሰጉም እንኳ እንዲህ አድርጉ። አንዳንዴ እንታለላለን፣ እኛንም ያጋጥመናል። የተታለልንበትን ብር ሳስበው የተዋረዱትን ሰዎች ያህል አያሳዝነኝም።

ምእመን ላልሆነ ሰው እንሰጣለን ወይ? ይህ ጥያቄ በየአጥቢያው ይነሳል። ገላትያ 6፥10 ለሰው ሁሉ ይላል፣ ይልቁንም ለእምነት ቤተሰቦች። ሁለቱንም ያዙ። የራሳችሁን መበለት ረስታችሁ ሩቅ አትሂዱ፣ የራሳችሁን ብቻ ደግሞ አትመግቡ። ሉቃስ 10 ላይ ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ነው ዘይትና ወይን ያፈሰሰለት። ኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ ዘንድ በጾም ወቅት ወተትና እንቁላል ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሽሮና ምስር ውሰዱ። ሙስሊም ቤት የምትሄዱ ከሆነ እናንተ ያረዳችሁትን ሥጋ አትውሰዱ፣ በረመዳን ዘይት፣ ስኳርና ተምር ይሻላል። ይህ እምነትን መሸሸግ አይደለም። የምትወደውን ሰው ጓዳ ማወቅ ነው።

ወንጌልስ? ከጠየቁ ንገሩ፣ በደስታ ንገሩ። «ለምን መጣችሁ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ ያኔ ምክንያታችሁን አትደብቁ። ነገር ግን ስብከት ሳይሰሙ ዘይት አይሰጥም የሚባል ነገር እንዳይኖር። ለዘይት ብሎ እጁን ያነሳ ሰው ለእኛ በቁጥር ተደስተን እንድናድር ነው የሚያደርገን፣ እሱን ግን እንዲዋሽ አስተምረነዋል። በነጻ የተቀበልነውን በነጻ እንስጥ።

ጊዜውንም በግልጽ ተናገሩ። «ለሦስት ወር ነው፣ ከዚያ ተቀምጠን እናያለን» በሉ። ሳይነገር የተቋረጠ እርዳታ ካልተጀመረ እርዳታ የባሰ ነው፣ ሰው ተማምኖበት ዕቅድ ያወጣበታልና። አልጋ ላይ ለዋሉና ላረጁ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። እነሱ ከዚያ አገልግሎት «አይመረቁም»፣ እስከ መጨረሻው ቤተሰብ ናቸው። በልመና ብቻ የሚኖር የሚመስለን ጎረምሳ ሲመጣ ደግሞ ሰው ቶሎ 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10ን ይጠቅሳል። ጥቅሱ የሚናገረው ሊሠራ ስለማይወድ ሰው ነው። ሥራ ፈልጎ ስላጣ ሰው አይደለም። ልዩነቱን ሳታጣሩ ጥቅሱን በማንም ላይ አትወርውሩ።

መሥራት ለሚችሉ

ዘሌዋውያን 19፥9-10 ገበሬው የእርሻውን ዳርቻ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ያዛል። ለድሃው ይተወዋል። ሩት ከቦዔዝ እርሻ ላይ በእጇ ቃርማ ነው ለአማትዋ ይዛ የገባችው። ይህን በከተማ ኑሮ እንዴት እናድርገው ብላችሁ አስቡ። አባላት ሥራ ሲኖራቸው፣ ልብስ ማሳጠብ፣ እንጀራ ማስጋገር፣ ግቢ ማጽዳት፣ መጀመሪያ ከዝርዝራችሁ ውስጥ ላለ ሰው ይስጡ፣ የገበያውን ዋጋ ሳይቀንሱ።

ሌላው መንገድ የራስ አገዝ ቡድን ነው። ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከ2002 ጀምሮ ናዝሬት ላይ በጥቂት ቡድኖች አስጀምራ በብዙ አካባቢ አስፋፍታዋለች። አሠራሩ ቀላል ነው። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ፣ ኑሯቸው ተቀራራቢ የሆነ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች፣ በየሳምንቱ ይገናኛሉ። ትንሽ ትንሽ ይቆጥባሉ፣ ከዚያው እየተበደሩ ሽንኩርት ይነግዳሉ፣ ዶሮ ይገዛሉ። መሪነቱ በየተራ ይዞራል። እቁብ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ እዚያ ውስጥ አታስገቡ። የውጭ ብር የገባበት ቀን ቡድኑ የእነሱ መሆኑ ይቀርና የእናንተ ይሆናል።

ልጆች፣ ሕግና ከውጭ የሚላክ ገንዘብ

ልጅን ለብቻው ከአንድ አገልጋይ ጋር አትተዉ። ማንም ይሁን፣ መጋቢም ቢሆን። ወላጅ የሌለውን ልጅ ከአያቱ ወይ ከአክስቱ ቤት አውጥቶ ተቋም ከማስገባት አያቲቱን መደገፍ ይቅደም። በአጥቢያው ስም፣ ለአጥቢያው ሰፈር የምትሠሩ ከሆነ ቤተ እምነታችሁን አሳውቃችሁ ሥሩ። ራሱን የቻለ ድርጅት ለማቋቋም ካሰባችሁ ግን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መመዝገብ ይኖርባችኋል። ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ባለሙያ አማክሩ።

ከዋሽንግተንም ከጅዳም ወገን ገንዘብ ይልካል፣ ብዙ አጥቢያ ያለ እነሱ አይቆምም። ለላኪዎቹ የምለው አንድ ነገር ነው፤ በስም ለይታችሁ «ለእገሊት» ብላችሁ አትላኩ፣ ፎቶም አትጠይቁ። ወደ አጥቢያው ሒሳብ ላኩና ሪፖርቱን ጠይቁ፣ አጥብቃችሁ ጠይቁ። እዚያው ባላችሁበት አገር ደግሞ አዲስ የመጣ ሰው አለ። ቋንቋ የማያውቅ፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው። አብራችሁት ሂዱ፣ አስተርጉሙለት። ለዚህ ሣጥን አያስፈልግም።

ሲያልቅባችሁ

ያልቃል። ሰባተኛው ቤት በር ላይ ይቆማል፣ እናንተ ለሦስት ብቻ ነው ያላችሁ። አትዋሹ። «በሚቀጥለው ሳምንት» አትበሉ። «አሁን ገንዘብ የለንም፣ ግን ቁጭ በሉና አብረን እናስብ» በሉ። ከዚያ በእውነት አስቡ፤ ከሕብረቱ ውስጥ ማን ያውቃል፣ የትኛው ቢሮ ይመለከተዋል፣ ማን ዘመድ ይደወልለታል። ከዚያ በኋላ ጸልዩ፣ እዚያው፣ እጃቸውን ይዛችሁ። ጸሎት እዚህ ላይ ሰውን መሸኛ አይሆንም፣ አብሮ መቀመጥ ይሆናል።

ቡድኑም ይደክማል። በሳምንት አንዴ ተገናኙ፣ የከበዳችሁን ተነጋገሩ፣ ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ ራሳችሁ። አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ አይጎብኝ። ዓመቱ ሲያልቅ አዲስ ሰዎች ይመረጡ፣ ሦስቱ ደብተሮች ይረከቡ፣ ባንክ ላይ ፈራሚ ይቀየር። እኛ የምናስረክበው በሐምሌ ነው። አዲሶቹ በክረምቱ ከነባሮቹ ጋር ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ሰዎቹን በስም ያውቋቸዋል። መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ጥያቄ ሲመጣ ማን ስንት ልጅ እንዳለው፣ የትኛዋ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደገባች፣ የማን የአምና ጫማ ዘንድሮም እንደሚሆን መጠየቅ አይኖርባቸውም።